የቆዳ ካንሰር የቀን ቀዶ ሕክምና፦ ከዋዜማው እስከ ስፌት ማውጫው (ሐዋሳ)

ታቦር_ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። «ቆዳዬ ላይ የወጣውን ነገር ማክሰኞ ሊቆርጡልኝ ቀጥረውኛል፣ ምን ላዘጋጅ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ስለተደጋገመ አንድ ቦታ ብንሰበስበው ይሻላል። የማወራው አልጋ ሳይያዝ፣ ቦታው ብቻ ተደንዝዞ፣ ያው ቀን ወደ ቤት ስለሚኬድበት ነው። ሪፈራል ሆስፒታል ለሚሠራለትም የግል ክሊኒክ ለሚሄድም ዝግጅቱ ያው ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ በጤና መድን የሚታከም ሰው የሪፈር ወረቀቱን ካልያዘ ካርድ ክፍል ላይ ቀኑ ይቃጠላል።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚደነግጠው በስፌቱ ርዝመት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ፊት ላይ ያለ፣ ጠርዙ የሚለይ ትንሽ የቤዛል ሴል ካንሰር (በቀስታ የሚያድገው የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሲወጣ ዙሪያውን ጤነኛ የሚመስል ቆዳ ወደ 4 ሚሊ ሜትር አብሮ ይቆረጣል። ስኳመስ ሴል የሚባለው ሌላው የቆዳ ካንሰር ዓይነት ከሆነ ከ4 እስከ 6። እንግዲህ የበቆሎ ፍሬ የምታህል የ1 ሴንቲ ሜትር እብጠት በሁለቱም በኩል 4 ሚሊ ሜትር ሲጨመርላት ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክብ ቁስል ገጥሞ አይሰፋም፤ ጫፉ ላይ ቆዳው ተሰብስቦ ይቆማል። ስለዚህ በዓይን ቅርጽ ይቆረጣል፣ ርዝመቱም የስፋቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። 18 በ3 ሲባዛ 54 ሚሊ ሜትር። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፌት ማለት ነው። ሐኪሙ አበዛው ብላችሁ አትጣሉት።

ሜላኖማ (ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሴሎች የሚነሳው ካንሰር) ሲጠረጠር አካሄዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ጠባብ ጠርዝ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ተይዞ ሙሉው ይወጣና ጥልቀቱ በማይክሮስኮፕ ይለካል። ከዚያ በውፍረቱ መጠን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ቆዳ በሁለተኛ ቀዶ ይወጣል። ሁለት ጊዜ መጠራታችሁ የመጀመሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሌላው፣ ኪሎአችሁን ተመዝናችሁ ሂዱ። የሊዶካይን ማደንዘዣ የሚሰላው በክብደት ነው፤ አድሬናሊን የተቀላቀለበት ሲሆን ጣሪያው በኪሎ 7 ሚሊ ግራም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊ ግራም፣ ይኸውም ከ2 በመቶው 21 ሚሊ ሊትር። አድሬናሊን ከሌለው በኪሎ 4.5 ስለሆነ 13.5 ሚሊ ሊትር ላይ ያበቃል። በአንድ ቀን ሦስት አራት ቦታ ለሚወጣለት ሰው ይህ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። «ሁሉንም ዛሬ ጨርሱልኝ» ሲባል እምቢ የሚሉትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሲስተር_አቶቴ

ጥሩ ጀምረኸዋል። የዋዜማውን እኔ ልጨምር።

ማታ እና ጠዋት በተራ ሳሙና ገላ መታጠብ። ከዚያ በኋላ ቅባት፣ ሎሽን፣ የፀጉር ቅቤ፣ ኩል፣ ምንም የለም። ቅባት ካለ ቆዳው ላይ የሚሣለው ምልክትም ፕላስተሩም አይዝም። ራስ ቅል ላይ ከሆነ ሹሩባው ይፈታ፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሹሩባ መፍታት የሁሉንም ሰዓት ይበላል።

በምላጭ አትላጩ! «ንጹሕ ላድርግ» ብሎ ጠዋት ተላጭቶ የሚመጣ አለ። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ ባክቴሪያ ይገባበታል። ፀጉር መነሳት ካለበት እዚያው በማሽን ወይም በመቀስ ይነሳል።

ልብስ፦ ከፊት በአዝራር የሚከፈት። በጭንቅላት የሚገባ ሹራብ ፊት ላይ ያለ ፋሻ ይዞ ይወርዳል። እግር ከሆነ ሰፊ ሱሪ እና ፋሻውን የሚችል ነጠላ ጫማ። ቀለበት፣ የአንገት ሐብል፣ አምባር ቤት ይቅር፤ ደም ለማቆም የሚያቃጥሉበት መሣሪያ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ብረት አይፈለግም። ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረለት ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ሳይሆን ቀጠሮ ሲይዝ ይናገር።

በቃል መነገር ያለባቸው ሌሎች ነገሮች፦ አዮዲን፣ ፕላስተር ወይም ጓንት የሚያሳክከው ከሆነ፤ ከዚህ በፊት ጠባሳው አብጦ ኬሎይድ የሠራበት ከሆነ (ደረት፣ ትከሻ እና ጆሮ ላይ በተለይ)፤ ጥርስ ሲነቀል ተዝለፍልፎ የሚያውቅ ከሆነ። የመጨረሻውን ሰው ያፍርበታል። ቢናገር እኮ ከመጀመሪያው ጋደም አድርገን እንሠራዋለን፣ አለቀ።

አስታማሚ_21

እናመሰግናለን። ሁለት ጥያቄ አለኝ፦ ባዶ ሆድ ነው የሚኬደው? ጾም ላይ ያለ ሰውስ? ደግሞ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ከሳምንት በፊት ያቁም የሚሉ አሉ።

ሲስተር_አቶቴ

የምግቡን እኔ ልመልስ። ቦታ ብቻ የሚደነዝዝ ከሆነ ባዶ ሆድ አይፈለግም፤ እንዲያውም ቁርስ በልቶ መምጣት ነው። ባዶ ሆድ፣ ፍርሃት እና መርፌ ሲገናኙ ሰው ይወድቃል። የስኳር ታማሚ መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን ዘልሎ ከመጣ የባሰ ነው፤ ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ይወርድበታል። የሚያስተኛ ወይም የሚያፈዝዝ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል ከተባለ ብቻ ጠጣር ምግብ ቀዶው ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ቀጠሮ ስትይዙ «ቦታ ብቻ ነው የሚደነዝዘው ወይስ የሚያስተኛ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ወይ የንስሐ አባቱን ያማክር፣ ወይ ቀጠሮውን ከጾሙ ውጭ ያድርግ። ረመዳን ላይም እንዲሁ። አንድ ሁለት ሳምንት መግፋት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በቀስታ ለሚያድግ ቤዛል ሴል ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ለሜላኖማ ግን ማዘግየት አይመከርም።

ፋርማሲስት_ፒያሳ

አስፕሪኑን ለእኔ ተዉልኝ። «ሁሉም ሰው ያቁም» የድሮ ልማድ ነው። መለየት ያለበት ማን አዘዘው የሚለው ነው። ስትሮክ መትቶት ወይም በልብ ደም ሥሩ ውስጥ መደገፊያ ገብቶለት ሐኪም ያዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ አያቁም። የቆዳ ቁስል ቢደማ በእጅ ይጫናል፣ ይቃጠላል፣ ይቆማል። አስፕሪን አቁሞ ስትሮክ የመታውን ሰው ግን ምን ትጫኑለታላችሁ? ለራስ ምታት እየገዛ የሚውጥ ሰው ደግሞ ይተወው፤ አስፕሪን ፕሌትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ክፍል) የሚያዳክመው ለፕሌትሌቱ ሙሉ ዕድሜ ስለሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ኢቡፕሮፌን እና ዲክሎፌናክ ቶሎ ይለቃሉ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ማቆም ይበቃል። እንደ ቀላል የሚታየው የዲክሎፌናክ መርፌም እዚሁ ውስጥ ነው።

ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ሰው ከቀዶው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ የተሠራ የአይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራ) ውጤት ይዞ ይሂድ። ከ3.5 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀጠሮው ይገፋል። ማክሰኞ ለሚሠራለት ሰው ቅዳሜ ወይም ሰኞ ማሠራት ነው፤ ያለፈው ወር ወረቀት አያገለግልም።

የግፊት መድኃኒት በሰዓቱ ይወሰድ። ግፊቱ 180 በ110 ሆኖ የመጣ ሰው ሊመለስ ይችላል፣ ደሙም አይቆምም። እዚህ ላይ ጫትን ሳላነሳ አላልፍም። ጫት ግፊትን እና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ በላዩ ላይ አድሬናሊን ያለው ማደንዘዣ ሲጨመር ልቡ ደረቱን ይደበድበዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ይቅር። አረቄ እና ጠላም ቢያንስ ከቀዶው 24 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከቀዶው በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ አይነኩ። አንድ ስኒ ቡና? ለለመደው ሰው ችግር የለውም፤ ሦስተኛውን ይተው እንጂ። የኤችአይቪ መድኃኒት አንድም ቀን አይዘለልም።

አሞክሳሲሊን ቀድሞ ገዝቶ የሚሄድ ሰውም አለ። ንጹሕ የቆዳ ቀዶ ፀረ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። የቆሰለና የመገለ እብጠት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት በታች ያለ እግር፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው ሰው የመሳሰሉት ለየብቻ ይታያሉ። የሚያዘው ሐኪሙ ነው።

ሐይቅ_ዳር

ዕፅዋትስ? ብዙ ሰው እኮ ሆስፒታል የሚሄደው ሌላውን ሁሉ ሞክሮ ነው።

ፋርማሲስት_ፒያሳ

ለዚህ ነው መናገር ያለበት። ወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት ምንም አያደርግም። ጥሬውን ወቅጦ ቆዳ ላይ ማሰር ግን እንደ እሳት ያቃጥላል። የጤና አዳም ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ከተወጣ ቆዳው ይቆጣል፣ ይላጣል። ከሁሉ የከፋው «ነቀርሳ ነቃይ» እየተባለ የሚለጠፈው የሚያቃጥል ነገር ነው። ላይኛው ይከስላል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ዳነ ይባላል፤ ሥሩ ከታች ያድጋል። ለሐኪሙም ጠርዙ የት እንደሆነ ይጠፋዋል። አድርጋችሁ ከሆነ መቼ እና ምን እንደሆነ ተናገሩ፤ ቁጣ ቢኖርም ቻሉት።

ማይክሮስኮፕ

ሁላችሁም ስለ ቁስሉ ታወራላችሁ። ቀዶው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። እኔ የማየው የሚበላሽበት ቦታ ሌላ ነው፦ የወጣው ሥጋ።

የወጣ ነገር ሁሉ ፓቶሎጂ (ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ይሄዳል። ናሙናውን አስታማሚው በእጁ ወደ ላቦራቶሪ እንዲያደርስ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ከተሰጣችሁ እነዚህን እዩ።

ዕቃው ክዳኑ የሚጠብቅ፣ አፉ ሰፊ ይሁን። ጠባብ አፍ ባለው ብልቃጥ ትኩስ ሥጋ ተጣጥፎ ይገባል፣ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ) ያጠነክረዋል፣ ከዚያ መስበር ካልሆነ አይወጣም። ውስጡ ያለው 10 በመቶ ፎርማሊን ሲሆን መጠኑ የሥጋውን 10 እጥፍ ነው። ውኃ፣ ጉሉኮስ፣ አረቄ አይተካውም፤ በሐዋሳ ሙቀት ፎርማሊን ያልነካው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መበስበስ ይጀምራል፣ ሴሉ ተበላሽቶ ይመጣል። ማቀዝቀዣ ማደሪያው አይደለም፤ በረዶ ሴሉን ይሰነጥቃል። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ይያዝ፣ ፀሐይ አይምታው፣ ቢፈስ አይሽተት፤ ዓይን እና ጉሮሮ ያቃጥላል።

ስም የሚጻፈው በዕቃው አካል ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሌላው ጋር ይቀያየራል። ሁለት ቦታ ከወጣ ሁለት ዕቃ፦ «ቀኝ ጉንጭ»፣ «ግራ እጅ ጀርባ» ተብሎ። አንድ ዕቃ ውስጥ ከገቡ እና አንዱ ጠርዙ ላይ ካንሰር ከተገኘበት፣ የትኛውን ቦታ እንደገና እንደሚከፍቱ ማን ይነግራቸዋል? ሥጋው ላይ አንድ ክር ተሰፍቶ ብታዩ ረስተውት አይደለም፤ «ይህ ወደ ላይ ነው» የሚል ምልክት ነው፣ አትንኩት።

ወረቀቱ ላይ ዕድሜ፣ ቦታው ከነቀኝ ግራው፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ከዚህ በፊት ናሙና ተወስዶ እንደሆነ መሞላቱን አንብቡ። ስልክ ቁጥሩ የሚያነሳ ሰው ስልክ ይሁን። የድሮ ውጤት ካለ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ብሎኩ (ሥጋው የተቀበረበት ሰም) እና ስላይዱ (በማይክሮስኮፕ የታየው መስታወት) በተሠራበት ቦታ ስላለ መጠየቅ ይቻላል።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ዓይነቱ፣ የጎን ጠርዙ፣ የታች ጠርዙ። ሜላኖማ ከሆነ የብሬስሎው ውፍረት (ካንሰሩ ወደ ቆዳው የገባበት ጥልቀት) በሚሊ ሜትር እና ላዩ የቆሰለ መሆን አለመሆኑ። «ካንሰር ነው» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የሚቀጥለውን ሕክምና መወሰን አይቻልም፣ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ታቦር_ሥር

ማይክሮስኮፕ ያልከው ላይ አንድ ልጨምር፣ ይኸውም ከቀዶው በፊት ነው። ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ ትንሽ ናሙና) የተወሰደበት ትንሽ ቁስል በሳምንታት ውስጥ ድኖ ይጠፋል፤ ቀጠሮው ሲደርስ ታካሚውም ሐኪሙም ቦታውን ይፈልጋሉ። ባዮፕሲ በተወሰደ ዕለት በስልክ ሁለት ፎቶ አንሱ። አንዱ ከሩቅ፣ ጆሮ ወይም አፍንጫ አብሮ የሚታይበት፤ ሌላው ከቅርብ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጦ። በር ላይ በቀን ብርሃን እንጂ በፍላሽ አይሁን፤ ፍላሽ ጥቁር ቆዳን ያንጸባርቀዋል።

አስታማሚ_21

ኢንተርኔት ላይ ሞህስ የሚባል የቆዳ ካንሰር ቀዶ አየሁ። ያው ነው?

ታቦር_ሥር

አይደለም። በሞህስ ቀጭን ንብርብር እየተቆረጠ ወዲያው፣ ታካሚው እየጠበቀ፣ ጠርዙ በሙሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ እስኪጸዳ ይቀጥላል። እዚህ የምናወራው ተራው ነው፦ ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ውጤቱ በኋላ የሚመጣ። ለዚህ ነው ውጤቱ ሲመጣ ጠርዙን ፈልጉ የተባለው።

ሲስተር_አቶቴ

ከቀዶው በኋላ። ማደንዘዣው አድሬናሊን ካለው ሁለት ሦስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሳይለቅ ፓራሲታሞል ውሰዱ፤ ለአዋቂ ባለ 500 ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ወይም ጉበቱን የሚያመው ሰው መጠኑን ያስቀንስ።

ከደማ ንጹሕ ጎዝ አድርጎ በመዳፍ ጠንከር ብሎ 20 ደቂቃ መጫን፣ ሰዓት እያዩ። በየሁለት ደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም እንደገና ይነቅላል። ካልቆመ ሌላ 20። ከዚያም ካልቆመ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ እየተጫናችሁ።

የመጀመሪያው ፋሻ ለ24 እስከ 48 ሰዓት አይነካም፣ አይረጥብም። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እና ሳሙና በቀስታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጎ ቀብቶ በማይጣበቅ ጎዝ መሸፈን፣ በቀን አንዴ። ቫዝሊኑ ከአዲስ ዕቃ ይሁን፤ የቤተሰቡ ጣት የገባበት አይሆንም።

ሐይቅ_ዳር

ሲስተር፣ ይቅርታ፣ ቁስል ግን አየር ሲያገኝ አይደል ቶሎ የሚደርቀው? እኛ ቤት ሁሌም ክፍት ነው የሚተወው።

ሲስተር_አቶቴ

ይደርቃል፣ መዳን ግን ሌላ ነው። ደረቅ ቅርፊት ሲሠራ አዲሱ ቆዳ በሥሩ ለመሻገር ይቸገራል፣ ሲነቀል ይደማል፣ ጠባሳው ይሰፋል። ዝንብም አለ። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አመድ እንዳታደርጉ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ ማፍሰስም የሚያድገውን ሴል ይገድላል፤ አረፋው ያጸዳ ይመስላል እንጂ።

ፊት ላይ ከሆነ ሁለት ሌሊት በሁለት ትራስ ከፍ ብሎ መተኛት። ግንባር ላይ ተሠርቶ በማግስቱ ዓይን ቢያብጥ እብጠቱ ወርዶ ነው፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ይብሳል፣ ከዚያ ይጎድላል። ኢንፌክሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው የሚታየው። «መቅላቱን እዩ» የሚለው ምክር ለእኛ ቆዳ ብዙም አይሠራም፤ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላው ወገን ጋር አወዳድሩ፣ ይቀንስ የነበረ ሕመም እንደገና መጨመሩን፣ ቆዳው መወጠሩን እና ማብረቅረቁን፣ መግል እና ትኩሳት መኖሩን እዩ።

ስፌት ማውጫ፦ ፊት ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ራስ ቅል ከ7 እስከ 10፣ ደረት፣ ጀርባ፣ እጅ እና እግር ከ10 እስከ 14። ፊት ላይ ካዘገያችሁ የክሩ መግቢያ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ጀርባ ላይ ካፈጠናችሁ ይተረተራል። በሁለተኛው ሳምንት የጠባሳው ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ 10 በመቶ ገደማ ነው። ስፌት ወጣ ማለት 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ተፈቀደ ማለት አይደለም። ሐይቅ ውስጥ መዋኘትም፣ ጠበል ውስጥ መነከርም ቁስሉ እስኪገጥም ይቆይ።

ከአለታ ወንዶ ወይም ከይርጋለም የምትመጡ፣ ስፌቱን አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሊያወጣው ይችላል። ቀኑን እና የክሩን ዓይነት አጽፋችሁ ሂዱ። ቀጠሮው ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ላይ ከዋለ ደግሞ አስቀይሩት፤ ገብርኤል ሲነግሥ ፋሻ የታሰረ እግር ይዞ በዚያ ሕዝብ መሃል ማለፍ አይታሰብም። እኔ ብጠየቅ ዓርብንም አልመርጥም፤ ሁለተኛው እና ሦስተኛው ቀን ቅዳሜና እሁድ ላይ ይወድቃል።

አስታማሚ_21

የውስጥ እግር ላይ ከሆነስ? ጥቁር ነጥብ፣ እሾህ የመሰለ።

ታቦር_ሥር

እሱ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። በጥቁር ሕዝብ ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ የውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። እሾህ ነው፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ በምላጭ ሲፋቅ ይከርማል። እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ የሚደማ ወይም የማይድን ከሆነ አትፋቁት፣ ናሙና ይወሰድ። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ዕጢ መኖሩን በእጁ ይፈትሻል፣ አትገረሙ።

የመጀመሪያው ትንሹ ቀዶ በቀን ያልቃል። ሁለተኛው ግን 2 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ከተያዘ ውስጥ እግር ላይ ቆዳው ተስቦ አይገጥምም፤ ከጭን ስስ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል። ያ ብዙ ጊዜ አልጋ ይፈልጋል። የተለጠፈው ቆዳ ሥር እስኪይዝ በመጀመሪያዎቹ 5 እስከ 7 ቀናት እግሩ መሬት አይረግጥም፣ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ክራንቹን ቀድማችሁ ተከራዩ ወይም ተዋሱ፣ ከቀዶው በፊትም ቤት ውስጥ ተለማመዱበት። ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አዘጋጁ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የተለጠፈው ቆዳ የመሞቱ ዕድል ይጨምራል፤ ኒኮቲን ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያጠባል። ውስጥ እግር ላይ የተሰፋ ስፌት 14 ቀን ይቆያል፣ እስከ 21 የሚተውም አለ።

ሐይቅ_ዳር

አልቢኒዝም ላለባቸውስ (ቆዳቸው ቀለም ሳይኖረው ለሚወለዱት) የተለየ ነገር አለ?

ሲስተር_አቶቴ

ስኳመስ ሴል በወጣትነት ስለሚጀምራቸው አንዱ ሲወጣ ሙሉ ገላ ይታይላቸው፣ ጆሮ ጀርባ እና ከንፈር ጭምር። ከቀዶው በኋላ ጠባሳው ላይ ፋሻው እስኪነሳ ፋሻው ራሱ ጥላ ነው፤ ከዚያ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ 50 የሚል የፀሐይ ክሬም በየሁለት ሰዓቱ። ክሬም ካልተገኘ ልብሱ እና ጥላው አይቅር። ተመላላሽ ቀጠሮውን ጠዋት 2 ሰዓት ማስያዝም ይቻላል፤ 6 ሰዓት ላይ ሰልፍ መቆም ራሱ ጉዳት ነው።

አስታማሚ_21

የመጨረሻ። ግንባር ላይ የተሠራለት ሰው መስገድ ይችላል?

ሲስተር_አቶቴ

ለ48 ሰዓት አይደፋ፤ ጭንቅላት ዝቅ ሲል ግፊቱ ወደ ስፌቱ ይመጣል፣ ይደማል። ስግደትም ሱጁድም ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይሁን። ከዚያ በኋላም ስፌቱ እስኪወጣ ግንባሩ መሬት አይንካ። ጫማ ማሰርንም ሌላ ሰው ይሥራለት።